የጀይሉ ወፍጮ ሙቅ ውኃ

ከጨፋ ሮቢት ገበያ ወጥቶ ወደ ቦርከና ረግረግ በሚወርደው መንገድ ዳር የጀይሉ ወፍጮ ቤት ነበር። ወፍጮው የሚዞረው በናፍጣ ነው። ሞተሩ ጥቁርና ደልዳላ ሲሆን፣ ሲሠራ ዱብ ዱብ የሚለው ድምፁ ለሰፈሩ ሰው ከልብ ምት የተለየ አልነበረም። ሲነሳ ማንም ልብ አይለውም፤ ሲቆም ግን ሰው ሁሉ ቀና ይላል።

ከሞተሩ ጎን አንድ ትልቅ በርሜል ቆሟል። በውስጡ ያለው ውኃ ነው። በርሜሉ በሁለት ቱቦ ከሞተሩ ጋር ተያይዟል፤ በታችኛው ቱቦ ቀዝቃዛው ውኃ ወደ ሞተሩ ይገባል፣ በላይኛው ሞቆ ይመለሳል። ሞተሩ እንዳይግል የተቀመጠ ነገር ነው እንጂ ሌላ ሥራ አልነበረውም። የሰፈሩ ሰው ግን ሌላ ሥራ አገኘለት። ጨፋ ቆላ ነው ቢባልም፣ በታህሳስና በጥር ከረግረጉ የሚነሳው ብርድ የሽማግሌ ጉልበት ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ለመግሪብ ሶላት ውዱእ የሚያደርጉ አዛውንቶች፣ አራስ ያለበት ቤትና ሕፃን የምታጥብ እናት ጀሪካን እያንጠለጠሉ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይመጣሉ። ደንቡ አንድ ብቻ ነው። ሙቁን ከላይ የቀዳ ሰው፣ በቀዳው ልክ ቀዝቃዛ ይሞላል። ባዶ ጀሪካን ይዞ የመጣ ሙቅ ውኃ አያገኝም። ይህን ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም። ጀይሉ ፍቀድ ተብሎ አያውቅም፤ ከልክሎም አያውቅም ነበር።

እስከ ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጥር ወር ድረስ ማለት ነው።

በዚያ ወር የእህቱ ልጅ ረቢአ ለመንፈቀ ዓመቱ የትምህርት እረፍት ከከሚሴ መጣች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጋት ጀይሉ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ ተምራ፣ አሁን በከሚሴ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ይወዷታል፤ ከኋላ የሚቀመጡት ግን ድምፅዋ ስለማይደርሳቸው ወደ ፊት መቀመጫ ይሻማሉ። ሰው ፊት መናገር ከልጅነቷ ጀምሮ ያስጨንቃታል። ከአጎቷ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብስባታል፤ ስለምትፈራው ሳይሆን ስለምትወደው ነው። በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ “አይደለም” ብላው አታውቅም።

በመጣች ማግስት ጀይሉ ናፍጣ እየሞላ ሳለ አጠገቡ ቆማ ነበር።

“ለመሆኑ ይሄ አውሬ” አለ ሞተሩን በአገጩ እያሳየ፣ “የምግተውን ሁሉ የት ነው የሚያደርሰው? አንቺ የተማርሽው እስቲ ንገሪኝ።”

ረቢአ ጥያቄው ደስ አላት። የምታውቀውን ነገር አጎቷ ሲጠይቃት የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

“እህል የሚፈጨው ሲሶው ቢሆን ነው፣ አያ። የቀረው በሙቀት ይባክናል። ግማሹ በጭስ ማውጫው፣ ግማሹ በውኃው።”

“በውኃው?”

“አዎ። በርሜሉን ያሞቀው እኮ የእርስዎ ናፍጣ ነው።”

ጀይሉ ናፍጣውን አስቀምጦ በርሜሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። በዚያች ሰዓት ሀዲጃ የምትባለው ጎረቤት ሙቅ ውኃዋን ቀድታ፣ “አላህ ይስጥህ” ብላ ከበሩ እየወጣች ነበር። ልጇ ዓፊያ ከወለደች ገና አርባ ቀን አልሞላትም። ጀይሉ ጀሪካኑን በዓይኑ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኘው።

በማግስቱ ረቢአ ወደ ወፍጮ ቤቱ ስትመጣ በርሜሉን አላወቀችውም። ከግርጌ እስከ አንገቱ ገለባ ተጠቅጥቆበት፣ በገለባው ላይ ጆንያ ተጠምጥሞበት፣ በገመድ ታስሯል። አፉ በቆርቆሮ ክዳን ተዘግቶ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

የወፍጮው ሠራተኛ አብዶ ጢሙ የሸበተ፣ አፉ ሥራ ፈቶ የማያውቅ ሰው ነው። “ጋቢ አለበስነው” አላት። “ዛሬ ማታ ገንፎ ሠርተን እናበላዋለን። አራስ እኮ ነው።”

“ምን ሆኖ ነው?”

“አንቺ አይደለሽ ያልሽው? አያ ሌሊቱን ሁሉ ሲያስብ አድሮ ነው። ሙቀቱ በጀሪካን እየተሸከመ ከሚሄድ እዚሁ ይቀመጥ፣ ይሄው ሙቅ ውኃ ወደ ሞተሩ ይመለስ፣ ሞተሩም እንደገና ማሞቅ አይጠበቅበትም፣ ናፍጣውም ይተርፋል። እንዲህ ነው የተባለው።”

ረቢአ “ይባክናል” ስትል፣ አንድ ሰው ይወስደዋል ማለቷ አልነበረም። የሚያስቀር መላ አለ ማለቷም አልነበረም። ግን አጎቷ ከወዲያ ማዶ በደስታ ፈገግ እያለ ሲመጣ አየችና ይህን ለሌላ ጊዜ አቆየችው።

የባሰው ነገር፣ የጀይሉ ሐሳብ የሠራ መምሰሉ ነው። ድሮ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ለማስነሳት ማኖቬላውን ተራ በተራ እያዞሩ ጀይሉና አብዶ ላብ በላብ ይሆኑ ነበር። አሁን በርሜሉ ሌሊቱን ሙቀቱን ይዞ ስለሚያድር ሞተሩ በአንድ ዙር ይነሳል። የገበያ ቀን ስላልሆነ ደግሞ የሚፈጨው ጥቂት ነው፤ ሞተሩ ብዙ ሳይግል ይቆማል።

“አየሽ?” ይላታል ጀይሉ። “የአንቺ ትምህርት ዳቦ ሆነ።”

ረቢአ ግን ዓፊያን ለመጠየቅ የሄደች ዕለት ዳቦው መረራት። ዓፊያ አብሮ አደጓ ናት። ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ሀዲጃ ለልጇ ገላ የሚሆን ውኃ በማሽላ አገዳ ታሞቃለች፤ አገዳው እርጥብ ስለነበር ከነበልባሉ ጭሱ ይበዛል። ሕፃኑ ያስነጥሳል።

“አከም ጅርቱ?” ብላ ረቢአ በሩ ላይ ቆማ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቀች።

“ነገያ። ግቢ፣ ግቢ” አለች ሀዲጃ፣ ፊቷን ከምድጃው ሳታነሳ። “ወንበር የለም እንዳትዪ፣ ጭሱ ላይ ተቀመጪ፤ ወፍሯል፣ ይችልሻል።”

ዓፊያ ከመኝታዋ ሳቀች። “እማዬ፣ ተያት።”

“ምን አልኳት? የተማረች ነው ያልኳት። አንድ ሰው ተምሮ ቢመጣ መንገዱን ይጠርጋል ብለን ስንጠብቅ፣ ውኃችንን ቆጠረችልን። ሽማግሌው ሼህ አቡበከር ትናንት ለመግሪብ በዚያ በረዶ ውኃ እግራቸውን ሲያጥቡ አየኋቸው። እንደ ዶሮ አንዱን እግር እያነሱ።”

“እንዲህ ይሆናል ብዬ አልነበረም፣ እትዬ” አለች ረቢአ። ድምፅዋ ከአገዳው መንጣጣት በላይ አልወጣም።

“እና ለምን አትነግሪውም?”

ረቢአ ሕፃኑን ታቀፈች፣ ዱዓ አደረገችለት፣ ወጣች። ወደ ቤት እየሄደች ከአንድ ሐሳብ ጋር ተጋፈጠች። የውኃው ነገር የጎረቤት ቅሬታ ብቻ አልነበረም። ከነገ ወዲያ ገበያ ነው። ከረግረጉ ማዶ፣ ከደጋውም ከቆላውም እህል በአህያ ይመጣል፤ ሞተሩ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ እረፍት ይሠራል። ድሮ በእንዲህ ያለ ቀን የሴቶቹ ጀሪካን እየተመላለሰ በርሜሉን ያቀዘቅዘው ነበር። አሁን ገለባ ለብሶ፣ አፉ ተዘግቶ፣ አንድ ጠብታ ሳይወጣለት ምን ይሆናል? ሞተሩ ከነደደ ጀይሉ ሌላ አይገዛም። አቅምም ዕድሜም የለውም። ሰፈሩም እህሉን ተሸክሞ ከሚሴ ድረስ ሊሄድ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ እሷ በደስታ ከተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር የመጣ ነው።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ አጎቷ ጫቱን ዘርግቶ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ፣ ረቢአ አጠገቡ ተቀመጠች።

“አያ፣ ድሮ ወንዙ ላይ የነበረውን የውኃ ወፍጮ ያስታውሳሉ?”

“እንዴት አላስታውስም። አባቴ እዚያ ነበር የሚያስፈጨው።”

“ውኃው ከላይ መጥቶ መዘውሩን ካዞረ በኋላ የት ይሄዳል?”

“ወደ ታች ነዋ። ወደ ወንዙ።”

“የታችኛውን መውጫ ቢዘጉትስ?”

“ውኃው ይጠራቀምና መዘውሩን ይይዘዋል። ይቆማል።”

“ሙቀትም እንደዚያ ነው፣ አያ። ከላይ ከእሳቱ ይመጣል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ወደሆነ ነገር መውረድ አለበት። መውረጃውን ከዘጉበት ሞተሩ ይታፈናል። የሚባክነው ባይባክን ኖሮ፣ የሚፈጨውም አይፈጭም ነበር።”

ጀይሉ አንድ ቅጠል መርጦ አኘከ። ከዚያ ሳቀ፤ ክፋት የሌለበት ሳቅ ነው።

“ጥሩ ነው። ግን ረቢዬ፣ ያን የወደቀ ውኃ በባልዲ ቀድቼ ወደ ላይ ብመልሰው፣ ያው ውኃ እንደገና አያዞርልኝም?”

“ያዞራል። ግን ቀድቶ ለመመለስ የሚደክሙት ወፍጮው ከሚሠራልዎት ይበልጣል።”

“የእኔ በርሜል ውኃ ግን ሳይቀዳ ነው የሚመለሰው። በቱቦ። ውኃ ሌላ፣ ሙቀት ሌላ። ደግሞ ዛሬም በአንድ ዙር ተነሳ፤ አብዶን ጠይቂው።” ራሷን ዳበስ አደረጋት። “አንቺ ሀዲጃ ጋ ሄደሽ ነው የመጣሽው። አውቄያለሁ። እሷ ምላሷ ብረት ያቀልጣል።”

ረቢአ ከዚህ በላይ መናገር የምትችል ሰው አልነበረችም፤ ቢያንስ እስከዚያ ቀን ድረስ።

የገበያው ዕለት ሞተሩ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ተነሳ። ረፋድ ላይ ከወፍጮ ቤቱ እስከ መንገዱ ድረስ አህያና ጆንያ ተሰልፏል። ረቢአ ዱቄት የሚወርድበት ላይ ጆንያ እየያዘች ታግዛለች። እጇ እዚያ፣ ጆሮዋ ግን በርሜሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ከገለባው ውስጥ ድስት ሊፈላ ሲል የሚያሰማው ዓይነት ማጉረምረም መጣ። ከዚያ በክዳኑ ዙሪያ እንፋሎት መውጣት ጀመረ። ጀይሉ አየው፤ ደስ ያለውም መሰለ፤ ሙቀቱ ተጠራቅሞለታል።

ቀትር ሳይሆን ድምፁ ተለወጠ። ዱብ ዱብታው ከበደ፣ ተራራቀ፣ እንደሚያቃስት ሰው ሆነ። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ቤቱን ሞላው። አብዶ ቀልዱን አቆመ፤ ያ ራሱ አስደንጋጭ ነበር።

“አያ፣ ይሄ ነገር ታመመ” አለ።

ጀይሉ ሮጦ ሄዶ ሞተሩን በእጁ ጀርባ ነካው፤ ወዲያው ሸሸ። ፊቱ ዱቄት መሰለ። ዙሪያውን ተመለከተና በበሩ አጠገብ የተቀመጠውን ባልዲ አነሳ። እስከ አፉ ቀዝቃዛ ውኃ የሞላበት ነው። ሞተሩ ላይ ሊደፋው ከፍ አደረገ።

ረቢአ ጆንያውን ለቃ እንዴት እንደደረሰች አላወቀችም። ብቻ በአጎቷና በሞተሩ መካከል ቆማ የባልዲውን ከንፈር በሁለት እጇ ይዛለች። ከጀርባዋ የሚመጣው ሙቀት ልብሷን ያቃጥል ይመስላል።

“አይሆንም” አለችው። “አያ፣ አይሆንም። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ከደፉበት ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ አይመለስም።”

“ልቀቂኝ፣ እየነደደ ነው።”

“አልለቅም። ነገ ሊቆጡኝ ይችላሉ። አሁን ባልዲውን ያስቀምጡ።”

ጀይሉ አያት። ይህችን ሴት የሚያውቃት አይመስልም። ቀስ ብሎ ባልዲውን አወረደው።

“አብዶ፣ እህል አትጨምር” አለች ረቢአ። “ናፍጣውን ቀንስለት እንጂ አታጥፋው። አሁን ቢቆም ውስጡ ተጣብቆ ይቀራል። ባዶውን ይዙር። አያ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።”

ቁልፉን ሰጣት። ክዳኑን በእንጨት ገፍታ ስታነሳው ነጭ እንፋሎት እስከ ጣሪያው ወጣ። ጎንበስ ብላ አየች። የፈሰሰ ነገር የለም፤ ግን ውኃው በእንፋሎት አልቆ ከላይኛው ቱቦ አፍ በታች ወርዷል። ከሞተሩ የሚመለሰው ሙቅ ውኃ መውጫ አጥቶ እዚያው ይፈላል። ውኃ ያስፈልጋል፤ ብዙ ውኃ፣ ግን በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚጨመር፣ ከላይ ሙቁ እየተቀዳ ከታች ቀዝቃዛው እየወረደ። ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም።

ወደ በሩ ወጣች። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ይህን ያህል ዓይን በአንዴ አይቷት አያውቅም።

“ውኃ” አለች። ማንም አልሰማም። ከእግሯ ጀምራ ትንፋሿን ሰበሰበች። “ውኃ አምጡ። ጀሪካን ያለው ሁሉ ውኃ ያምጣ፤ ሞተሩ እየነደደ ነው።”

ከመንገዱ ማዶ ሀዲጃ ከቤቷ ደጃፍ ብቅ አለች። ነገሩን ለመረዳት ሁለተኛ ቃል አላስፈለጋትም። ወደ ግቢዎቹ ዞራ፣ “ቢሻን ፊዳ! ውኃ፣ ውኃ፣ ወፍጮ ቤቱ!” ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ እስከ መስጊዱ ሄደ። የራሷን ጀሪካን በወገቧ ደግፋ ቀድማ ደረሰች።

“ዛሬስ ሳይቆጠር ነው?” አለችው ጀይሉን፣ እያለፈችው።

“ሀዲጃ፣ ለአላህ ብለሽ” አለ ጀይሉ።

“ለአላህ ብዬማ ነው የመጣሁት። ለአንተ ቢሆን ቡና ጨርሼ ነበር የምመጣ።”

ረቢአ ጀሪካኑን ተቀብላ ጎኑን በበርሜሉ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ውኃውን እንደ ክር አቅጥና አወረደችው። ከዚያ የሚቀጥለውን። ውኃው ከቱቦው አፍ በላይ ሲደርስ፣ “አሁን ከላይ ቅዱ” አለች፣ ሴቶቹም በጣሳ ሙቁን ይቀዱ፣ በባዶው ጀሪካናቸው ይሞሉ ጀመር። አንዷ ስትሞላ ሌላዋ ትቀዳለች። ማንም ማንንም ማስተማር አላስፈለገውም፤ እጃቸው የሚያውቀው ሥራ ነው። አብዶ ገመዱን በቢላ ቆርጦ ገለባውን ከበርሜሉ ላይ ገፈፈ። “የአራሱን ጋቢ ገፈፍነው” አለ። ቀልዱ ተመልሷል።

ቀስ በቀስ ማቃሰቱ ተወው። ዱብ ዱብታው ተቀራረበ፣ ቀለለ፣ እንደ ድሮው ሆነ። ጀይሉ ጆሮውን ጥሎ ሲሰማ ቆየና ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። “አልሐምዱሊላህ” አለ፤ ከዚያ ደግሞ፣ ለማንም ሳይሆን፣ “አልሐምዱሊላህ”።

የገበያው እህል ተፈጭቶ አለቀ። ሴቶቹም ቀኑን ሙሉ ተመላለሱ። ሼህ አቡበከር ለዓስርም ለመግሪብም ሁለት ጊዜ መጡ፤ በሁለተኛው ጀይሉ ራሱ ቀዳላቸው፤ እሳቸውም ምንም ሳይጠይቁ ረጅም ዱዓ አደረጉለት።

አመሻሹ ላይ ሞተሩ ቆመ። አብዶ ወደ ቤቱ ሄደ። ጀይሉና ረቢአ በተነጠፈ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

“አውፍ በዪኝ” አላት። “ስትነግሪኝ ሳቅሁብሽ።”

“እኔም አነጋገር አላወቅሁበትም፣ አያ። ይባክናል አልኩ። ያ ቃል ነው ያሳሳተዎት።”

“እስቲ አሁን በደንብ ንገሪኝ። ዛሬ ተቀድቶ የሄደው ሙቀት ሁሉ የት ነው ያለው?”

ረቢአ አሰበች። “ጥቂቱ ሼህ አቡበከር እግር ላይ። ጥቂቱ የዓፊያ ልጅ ጀርባ ላይ። ጥቂቱ ጀሪካኖቹ ላይ፣ ጥቂቱ አየሩ ላይ። አልጠፋም። አንዲት ፍንጣሪ እንኳን አልጠፋችም።”

“ሁሉም ካለ፣ መሰብሰብ ይቻላላ።”

“አይቻልም። ተበትኗል። ዱቄቱን መልሰን ማሽላ ማድረግ እንደማንችለው ነው። ሁሉም እዚያው አለ፣ ግን ወደኋላ አይሄድም። ሙቀት ከተበተነ በኋላ ወፍጮ አያዞርም፤ ሰው ግን ያሞቃል።”

ጀይሉ ይህን ለብቻው ያላምጠው ጀመር። “እንግዲያው” አለ በመጨረሻ፣ “ወፍጮዬን የሚያዞረው የእነሱ መውሰድ ነበር በይኝ።”

“እንደዚያ ማለት ይቻላል።”

“እንደዚያ ከሆነ ሀዲጃ እንዳትሰማ። ደመወዝ ትጠይቀኛለች።”

ረቢአ ሳቀች፤ አፏን በሻሿ ሳትሸፍን ሳቀች። ጀይሉም ሳቀና ተነሳ። ጢሙ፣ ቅንድቡ፣ የጆሮው ማጠፊያ ሳይቀር ዱቄት ለብሷል። ሲሄድ በርሜሉ አጠገብ ቆመ፤ ጣሳውን አነሳና ከላይ ቀዳ። ሽርጡን ከፍ አድርጎ አጎነበሰ፤ ውኃውን በእፍኙ ፊቱ ላይ ረጨ፣ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ፣ አንገቱን፣ ክንዶቹን እስከ ክርኑ ታጠበ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ውኃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ቆመ።

“ያ አላህ” አለ ቀስ ብሎ። “ይሄን ሁሉ ዓመት አጠገቡ ውዬ በቀዝቃዛ ውኃ ነበር የምታጠብ። የሰው ነው ብዬ ነክቼው አላውቅም።”

“እንዴት ነው?” አለችው ረቢአ።

“ነይ፣ አንቺም ታጠቢ” አላት፤ ጣሳውንም ሞልቶ ዘረጋላት።